አሮጌ ወስደን አዲስ የሰጠንበት ቀን

ባሌ ከቢር ባዶ እጁን ከቤት የሚወጣ ሰው አይደለም። ለቅሶ ስንሄድ እንኳ መኪናው ኋላ ብርድ ልብስ ይጭናል። ብትቆጡት "ከቀብር መልስ የሚበርደው ሰው አይጠፋም" ነው መልሱ። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ጠዋት ትልቁን ባለመስመር የዕቃ ቦርሳ ከፍቶ ኮፍያ፣ ፊሽካና ቀያይ የክሪኬት ኳሶች ሲጠቀጥቅበት ሳየው አልገረመኝም። ማናደዱን ግን አናደደኝ።

"ጨዋታ ልናይ ነው የምንሄደው ወይስ የጀፒን ገበያ ተሸክመን ልንዞር ነው?" አልኩት።

"አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ነው ባህሪያ። አምስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ኮፍያ ካልገዛ ማን ሊገዛ ነው?"

አምስት ቀን ያለው እውነቱን ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ተበታትነው ይቆማሉ፤ አንዱ ሮጦ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጣውላ ይመታል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። እንዲህ ሲሉ አምስት ቀን ከርመው አቻ ሊለያዩም ይችላሉ። እኔ በአምስት ቀን ሱቅ ተከራይቼ፣ ዕቃ ሞልቼ፣ ከአከራዩ ጋር ተጣልቼ፣ ታርቄም እጨርሳለሁ።

ግን ትኬቱን የሰጡን አንክል ቼቲ ናቸው፤ የሳቸው ነገር ደግሞ እምቢ አይባልም።

አንክል ቼቲ ጀፒ ላይ ከሱቃችን ጎን ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ሲሸጡ፣ ሱሪ ሲያሳጥሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከህንድ የመጡት አያታቸው ናቸው እንጂ እሳቸው እዚሁ ጆበርግ ተወልደው እዚሁ አረጁ። የውጭ ሰው ሱቅ ይዘረፍ በነበረ ጊዜ፣ መንገዱ በጩኸት ሲሞላ፣ እኔንና ከቢርን ጎትተው ሱቃቸው አስገቡን። የብረት መዝጊያውን ወደ ታች አወረዱብን፤ ከዚያ ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ተቀመጡና የሰው ኮት ላይ ቁልፍ መትከል ጀመሩ። እኛ ውስጥ ተቃቅፈን እንንቀጠቀጣለን፣ እሳቸው ውጭ ይሰፋሉ። "ውስጥ ምን አለ?" ሲሏቸው በጆሮዬ ሰማሁ። "የሙሽራ ቀሚስ" አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። ሰዎቹ ትተዋቸው ሄዱ። እስከ ዛሬ የሙሽራ ቀሚስ ሳይ እንባዬ ይመጣል።

ታዲያ ይህን ውለታ በምን እንመልስ? ሰዓት ሰጠናቸው፤ በሳምንቱ ቆመ። ጃንጥላ ሰጠናቸው፤ ገና ዝናብ ሲያይ ተገለበጠ። ቀይ ካልሲ ሰጠናቸው፤ እግራቸው ቀልቶ ደንግጠው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ እግራቸውን በአልኮል ጠረገና ጥጡን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ይሄ ሆነ፦ "ባህሪያ፣ ልጄ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ኦርጅናል ነገር አምጪልኝ።" የሚሉት እየሳቁ ነው። እኔን ግን ይወጋኛል፤ እሳቸው ለኛ ያወረዱት መዝጊያ እውነተኛ ብረት ነበርና።

አሁን ዳሌያቸው ተሰብሮ ሱቁን ዘግተዋል። ሰኞ ልጃቸው መጥታ ደርባን ልትወስዳቸው ነው፣ ለሁልጊዜው። የክሪኬት ትኬታቸውን ቀደም ብለው ገዝተው ነበር፤ "በዕድሜዬ ሙሉ በእግሬ የገባሁበት በር ነው፤ እንደ ዕቃ ተገፍቼ አልገባበትም" ብለው ለኛ ሰጡን። ሲሰጡን አንድ ነገር አጫወቱን። ልጅ ሳሉ፣ ሰው በቀለሙ በሚለይበት ዘመን፣ ህንድና ጥቁር ጨዋታ የሚያየው በሽቦ ከታጠረ ጥግ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ኳሷ ከሜዳ ተነስታ፣ ሽቦውን ተሻግራ፣ እጃቸው ላይ አረፈች። ጠባቂው ሮጦ መጣና ጣታቸውን ፈልቅቆ ነጠቃቸው።

"ቤት እስክንመለስ አለቀስኩ" አሉ። "ከዚያ ወዲህ አንድም ኳስ ወደኔ መጥታ አታውቅም።"

ይህን በልቤ ያዝኩት። ሽማግሌው ሰኞ ሊሄዱ ነው፤ ኦርጅናል ነገር ሳንሰጣቸው ከሄዱ ሁለተኛ ዕድል የለንም።

ስታዲየሙ በር ላይ ጠባቂው መሸጥ ክልክል ነው አለ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቦርሳችንን በረበረና ኮፍያና ኳስ ብቻ መሆኑን አይቶ "ውስጥ እንዳትከፍተው" ብሎ አሳለፈን። ከቢር "እሺ አለቃ" አለ። ተቀምጠን ጠባቂው ዞር ከማለቱ ቦርሳውን እግራችን ሥር ከፈተው። ገዢ ግን አልነበረም፤ በኛ ወገን ያለው ሕዝብ ሳሳ ያለና ኮፍያውን ከቤቱ ያመጣ ነው። ከቢር አኮረፈ። እኔም ሳምቡሳዬን መብላት ጀመርኩ።

በዚህ መሃል አንዱ መቺ ኳሷን ሰማይ አሳያት። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። እኔም ባንጋጥጥ ወደኔ ትመጣለች! "ያ አላህ!" ብዬ ሳምቡሳዬን እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩ። ጧ የሚል ድምፅ ከእግሬ ሥር ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ ቦርሳችን ውስጥ፣ ከከቢር ኳሶች መሃል ተቀምጣለች።

ለማወቅ አያስቸግርም። የኛዎቹ ያብረቀርቃሉ። እሷ አንድ ጎኗ ተልጧል፣ ሌላው ጎኗ ጠቁሯል፣ ስፌቷ ፈጧል። እንዲህ ያለችውን ደንበኛ ይዞ ቢመጣ "ከኛ አልተገዛችም" ብለን ተሟግተን የምንመልሳት ናት።

"ወርውሩት! ወርውሩት!" ይላል ከላያችን የተቀመጠው ሰው። ሜዳው ጠርዝ ላይ ያለው ተጫዋችም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከቢር አየኝ፤ አየሁት። የአንክል ቼቲን ስም ማናችንም አልጠራን፤ አላስፈለገንም።

"ከኛ አንዷን እሰጣቸዋለሁ" አለኝ በሹክሹክታ። "አዲስ ናት፤ ይደሰታሉ።"

በነጋዴ ዓይን ሲታይ ነገሩ ቸርነት እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። አሮጌ ወስዶ አዲስ የሚሰጥ ሌባ የት ታይቶ ያውቃል? ጀፒ ላይ እንዲህ ብናደርግ ሰልፉ ከከተማው ማዶ አሌክሳንድራ ይደርስ ነበር። ከቢር እያገላበጠ እንከን የሌላትን መረጠ፤ በመሐረቡ ወለወላት፤ ወረወረላቸው። ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔም አሮጌዋን ሻርፔ ሥር፣ ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኳት።

ተጫዋቹ ኳሷን ቀልቦ ሊወረውር ሲል እጁ ቆመ። አገላብጦ አያት። ለጓደኛው አሳያት፤ ጓደኛው ዳኛውን ጠርቶ ሰጠው። ዳኛው ጨመቃት፣ ከዚያ መዳፉን አየ። እኛም በትልቁ ስክሪን ላይ መዳፉን አየነው፤ ደም የነካ ይመስላል። ደንግጦ ሸሚዙ ላይ ጠረገው፤ ነጩ ሸሚዝ ቀላ። ስታዲየሙ በሳቅ አውካካ።

"ምን ሆኑ? አዲስ እኮ ናት" አለ ከቢር፣ ከልቡ ተቀይሞ።

ጨዋታው ቆመ። ያ በር ላይ ያገኘነው ጠባቂ እያለከለከ መጣ፣ ቦርሳውን ከፈተ፣ ያን ሁሉ ቀይ ኳስ ሲያይ "ሀይቦ!" ብሎ ራሱን ያዘ።

"የነሱ ኳስ የታለች?"

"ወርውሩ ተባልን፣ ወረወርን" አለ ከቢር።

ጠባቂው ኳሶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ተመለከተ። ሲጨርስ ሁለቱም እጁ ቀልቷል። ወደኔ ዞረ። "ማማ፣ አንቺስ ጋ የለችም?"

"እኔ ጋ ያለው ሳምቡሳ ነው" አልኩና አንዱን ዘረጋሁለት፣ በነፃው እጄ። ያኛውን ክንዴን ከጎኔ አላላቀቅኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴት እኔ አይደለሁም። ጠባቂው ሳምቡሳውን ተቀበለ፣ ቀይ ጣቱን አየ፣ ሳምቡሳውን አየ፣ ኢሽ ብሎ ሄደ። ዳኞቹም ከሣጥናቸው ሌላ ኳስ አውጥተው ጨዋታው ቀጠለ።

እኔ ከዚያ በኋላ ጨዋታ አላየሁም። በደስታ መቀመጫ አጣሁ። አንክል ቼቲ ኳሷን ሲቀበሉ ምን እንደሚሉ፣ እኔም ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ሳሰላስል ዋልኩ። ከቢር "ቢያለቅሱስ?" አለኝ። "ያልቅሱ፣ መሐረብ አለን" አልኩት።

ፎርድስበርግ ቤታቸው ስንደርስ በሩ ክፍት ነው፤ ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ይሰማል።

"እጁ ይቆረጥ! ያን ኳስ የሰረቀ ሌባ እጁ ይቆረጥ!"

ከቢር ደረጃው ላይ ቀጥ አለ። "እንመለስ" አለኝ። ጎኑን ጎሽሜ አስገባሁት።

አንክል ቼቲ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን በዱላቸው ይጠቁማሉ። ፊታቸው ቲማቲም ሆኗል። "እዚያው አልነበራችሁም? ያን ጉድ አላያችሁም?"

"ትንሽ ትንሽ አየን" አለ ከቢር፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

"ልጆቻችን ያቺን ኳስ ስንት ሰዓት በላባቸው ሲያሿት ውለው ነበር! አንድ ጎኗን አለስልሰው፣ አንድ ጎኗን አሻክረው፣ አየር ላይ እንድትታጠፍ አድርገዋት ነበር። መቺዎቹ ወደ የትኛው ወገን እንደምትዞር ጠፍቷቸው ተራ በተራ ተሸንፈው ይወጡ ነበር። ልናሸንፍ ነበር! አንዱ ደንቆሮ አዲስ አሻንጉሊት ወረወረላቸው። ከሣጥን የወጣችዋ ምትክ አትታጠፍ፣ አትዞር። ከዚያ ወዲህ አንድ መቺ አልወጣም!"

ያኔ ገባኝ። አሮጌው ከአዲሱ የሚበልጥበት ገበያ ከተወለድኩ አይቼ አላውቅም ነበር። ብብቴ ውስጥ ያለችው ነገር ትኩስ ድንች ሆነችብኝ። ለዛሬ ዝም ብዬ ይዣት ልመለስ ብዬ ወሰንኩ። ሰኞ ይሄዳሉ፤ ሌላ ካልሲ እንገዛላቸዋለን።

"ከቢር" አሉ ድንገት ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። "እጅህን ለምን ኪስህ ከተትከው?"

"በርዶኝ ነው አንክል።"

"አሳየኝ።"

ከቢር አወጣው። ቀይ ነው። ሽማግሌው መዳፉን አዩ፣ ባዶ እግራቸውን አዩ፣ ከወንበሩ የሚነሱ እስኪመስል ተንጠራሩ።

"ካልሲዬ! የዳኛውን እጅ ሳይ ይህን ቀለም የት ነው የማውቀው እያልኩ ስጨነቅ ዋልኩ። የእግሬ ቀለም ነው እኮ!"

ከዚህ በኋላ መደበቅ ምን ያደርጋል? ኳሷን ከሻርፔ ሥር አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። "ኦርጅናል ነው" አልኳቸው።

ስድቡ ቆመ። አነሷት። አሸተቷት። ቁልፍ ሲተክሉ በኖሩበት አውራ ጣት ስፌቷን ዳሰሱ፤ ለስላሳውን ጎን፣ ከዚያ ሻካራውን። ቴሌቪዥኑ ለብቻው ያወራል።

"ለምን?" አሉኝ።

"ልጅ ሳለሁ ነጠቁኝ አላሉኝም? አለቀስኩ አላሉኝም? በቀረዎት ጊዜ አንዲት እንድትኖርዎት ብዬ ነው።"

"ለማስቀረት መስሎሽ ነው ያለቀስኩት?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ክሪኬት ላይ ኳስ አይወሰድም ልጄ። ይመለሳል። ተመልካች በገዛ እጁ ይወረውራታል፣ ሰዎቹ ይቀበሉታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔ ልወረውራት ነበር የፈለግኩት! እኛ እንዳንረግጠው በተከለከልነው ሳር ላይ ከኔ እጅ ወጥታ እንድታርፍ። ያን ነው የነጠቁኝ።"

አፈርኩ። ፊቴ ከከቢር መዳፍ ይልቅ ቀላ። ሰውዬው የነገሩኝን ሁሉ ሰምቼ፣ የሰማሁት ግን እንደ ነጋዴ ነው፤ የተነጠቀ ሰው ዕቃውን እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል ብዬ።

አንክል ቼቲ አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉ። "ነገ የመጨረሻው ቀን ነው" አሉ። "ከቢር፣ ያ ቀይ እጅህ ጋሪ መግፋት ይችላል?"

እሑድ ስንደርስ ስታዲየሙ በር ላይ ሌላ ጉድ ጠበቀን። የዳኛው መዳፍ በየስልኩ ሲዞር አድሯል። ወጣቱ ሁሉ "ያቺ ጨዋታ ያስቆመች ኳስ" እያለ ይጠይቃል። ለማስታወሻ ነው አሉ! መኪናችን ገና ከመቆሙ አንዱ የከቢርን ቦርሳ አየና ጮኸ፤ በአንድ አፍታ ተከበብን። በሌላ ቀን "ቀለም ይለቃል" ብሎ ዕቃ የሚመልስብን ሰው፣ ያን ቀን ይለቅ እንደሆነ መዳፉ ላይ አሽቶ፣ አረጋግጦ ገዛ። የማትለቀዋን "ይቺ ፎርጅድ ናት" ብሎ የመለሰም አለ። ከቢር መኪናው ላይ ቆሞ "ኦርጅናሉ ፎርጅድ እኛ ጋ ብቻ!" እያለ ይጣራል። አንክል ቼቲ በወንበራቸው ሆነው "ሌቦች! አታላዮች!" ይሉናል። ቦርሳው ሊያልቅ ሲል ግን እጃቸውን ዘረጉ። "አንዷን ስጠኝ" አሉ። ሁለት መዳፋቸው መሃል አድርገው ሲያሿት ቆዩና መለሱለት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ግርግር ነበር።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ ሰዎች የተተወው ቦታ ከሜዳው ጠርዝ አጥር ሥር ነው። በዕድሜያቸው ሳሩን እንዲህ ቀርበውት አያውቁም። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ኳሷ ኪሳቸው ውስጥ ናት። "አሁን ይወርውሯት" አልኩ። "ጨዋታ እየሄደ አይወረወርም፣ ሥርዓት አለው" ብለው ተቆጡኝ። ጠበቅን። ወርዋሪው ተራውን ጨርሶ፣ ተጫዋቾቹ ቦታ መቀያየር ሲጀምሩ፣ አንክል ቼቲ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሱ። ዳሌያቸውን አልነካንም፤ ከቢር ቀበቷቸውን ከኋላ ያዘ። ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው ወረወሩ።

እውነቱን ለመናገር ሩቅ አልሄደችም። የሜዳውን ጠርዝ የሚያመለክተውን ገመድ ለጥቂት አለፈችና ሳሩ ላይ ተንከባልላ ቆመች። ግን ሳሩ ላይ ናት። እኔ ለቅሶዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ከቢርም ቀበቶውን አንቆ ይዞ ያለቅሳል።

ቅርብ የነበረው ተጫዋች አነሳት። የተላጠውን ጎን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ፤ እየሮጠ ለዳኛው አደረሳት። ያ ዳኛ ነው፤ መዳፉ ገና ሮዝ ነው። ስፌቷን አየ፣ ወደኛ አየ፣ በሮዝ መዳፉ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከጨዋታ የወጣች ኳስ አትመለስም። አንድ ነገር ለተጫዋቹ ነገረው። ተጫዋቹ ያን ሁሉ ሜዳ ተመልሶ መጥቶ አጥሩን ተደገፈና ኳሷን በሁለት እጁ ለአንክል ቼቲ ሰጣቸው። "የእርስዎ ናት አንክል። ሸጋ ውርወራ ነበር" አላቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ጠባቂው መጣ። ዓይኑ የተተከለው እኔ ላይ ነው። "ማማ ሳምቡሳ! ትናንት አንቺ ጋ ነበረች! ያቺን ቀይ የወረወረውም ባልሽ ነው። ቀይ እጅ ያለውን ሰው ይዤ እንድመጣ ታዝዣለሁ።"

ከቢር እጁን ኪሱ ለመክተት ሞከረ። አንክል ቼቲ ግን ቀደሙት፤ ወንበራቸውን በኛና በጠባቂው መሃል አስገብተው ሁለት መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ። ቀይ ናቸው።

"የትናንቱም እኔ ነኝ" አሉ፣ ያኔ "የሙሽራ ቀሚስ" ባሉበት በዚያው ድምፅ።

ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ቀይ መዳፉን አነሳና "እኔም ነኝ" አለ። ከዚያ ጓደኛው፣ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ የላይኛው ረድፍ። ከቢር ያን ጠዋት ስንት ሰው እንዳቀላ ያየሁት ያኔ ነው። ጠባቂው መዳፎቹን ሁሉ አየ፣ የገዛ እጁን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። "ዛሬስ ሳምቡሳ አለ?" አለኝ። ሁለት ሰጠሁት።

ጨዋታው? አቻ ወጡ። አምስት ቀን ሙሉ!

ወደ መኪናው ስንገፋቸው አንክል ቼቲ ምስጋና ይናገሩ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። በር ላይ ስንደርስ ወንበሩን አስቆሙና ዞረው አዩኝ።

"ባህሪያ፣ ትናንት ያመጣሽልኝ ፎርጅድ ነበር።" ኳሷን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው በላይዋ ቁልፉን ቆለፉ። "ኦርጅናሏ ይቺ ናት።"